ሁለት ካርድ

ክትትል በማደርግበት ጤና ጣቢያ ሁለት ካርድ ነበረኝ። አንደኛው፣ ጠርዙ ተቀዶ በፕላስተር የተጠገነው፣ ደም ግፊት እንዳለብኝ በታወቀበት በ2009 ዓ.ም. የወጣልኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ማርገዜ በተረጋገጠ ዕለት የተከፈተልኝ ነው። የመጀመሪያው ካርድ በወር አንድ ሰኞ ወደ ተከታታይ ሕሙማን ክፍል ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሐሙስ ሐሙስ ከግቢው ማዶ ወዳለው የቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ይሄዳል። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ርቀት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ እርግዝናዬ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ካርድ ሌላውን አግኝቶት አያውቅም። አንዱ ክፍል የጻፈውን ለሌላው ስናገር፣ አንዱ ያዘዘውን መድኃኒት ለሌላው ሳሳይ የከረምኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ሁለቱም ክፍሎች የየራሳቸውን ሥራ በትጋት ሠርተዋል። ቀድሞ የነበረባትን ሕመም ይዛ የምታረግዝ ሴት በሁለት ክፍሎች መካከል ምን ያህል ነገር ሊወድቅባት እንደሚችል ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሕመሙ ሲታወቅ 29 ዓመቴ ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራን ባዘጋጀው ምርመራ ላይ 152 በ98 ሲነበብ፣ የመጀመሪያው መልሴ «መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚል ነበር። ደም ብዛት የሽማግሌና የአሮጊት በሽታ ነው ብዬ አምን ነበርና፤ አባቴ ግማሽ ጎኑን ያጣው በዚሁ ሕመም ቢሆንም፣ እሱ ያኔ ስልሳ ዓመት አልፎት ነበር። በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ስላለ፣ ኢናላፕሪል የሚባለውን ክኒን በቀን 10 ሚሊ ግራም ጀመርኩ። መድኃኒቱ ተስማማኝ። በየወሩ ሄጄ እለካለሁ፣ ክኒኔን እወስዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን «መውለድ ታስቢያለሽ ወይ?» ተብዬ አልተጠየቅኩም፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በትዳር ስኖር፣ በመጨረሻም ከባለቤቴ ጋር ልጅ ለመውለድ ስንወስን፣ ነገሩ ክኒኑን የሚመለከት መስሎ አልታየኝምና አልተናገርኩም። ዛሬ ወደ ኋላ ሳየው፣ ከጠቅላላው ታሪኬ ውስጥ እንደገና ብሠራው የምመኘው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

እርጉዝ መሆኔን ያወቅኩት በዘጠነኛው ሳምንት ነው። በቅድመ ወሊድ ክፍል የተቀበለችኝ አዋላጅ ነርስ ግፊቴን ለክታ 144 በ92 ስታገኝ፣ «እህቴ፣ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ሽፋኑን አነበበች፣ አገላበጠችው፣ ከዚያም «መጣሁ፣ ተቀመጪ» ብላ ይዛው ወጣች። ያን አምስት ደቂቃ አልረሳውም። ከሐኪሟ ጋር ስትመለስ የተነገረኝ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ኢናላፕሪልና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች፣ በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ ከተወሰዱ፣ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ኩላሊቱ ሽንት ካላመረተ ደግሞ ሕፃኑ የሚንሳፈፍበት የሽርት ውሃ ይቀንሳል፣ ውሃው ሲያንስ የሳንባውም ዕድገት ይሰናከላል። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ሳይሆን አይቀርም፣ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ መድረሴ ከዘገየ እንደማይቆጠር፣ ብዙዎቹ እንደኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳያውቁ ወስደው ጤናማ ልጅ እንደሚወልዱ ነገረችኝ። ቀጥላ የተናገረችውን ግን ለሌሎች ሴቶች ደጋግሜ አስተላልፌዋለሁ፦ «ይህን ከዛሬ ጀምሮ እናቆመዋለን፤ ያለ ምትክ ግን አናቆምም።» ክኒን ጎጂ መሆኑን ሰምታ በራሷ ፈቃድ አቋርጣ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት፣ ከአንዱ አደጋ ስትሸሽ ሌላው ላይ ትወድቃለች፤ ያልታከመ ግፊትም ለእንግዴ ልጁና ለራሷ አንጎል አይራራም።

ምትኩ ሜቲልዶፓ ሆነ፤ በሰፊው የሚታወቀው አልዶሜት በሚለው ስሙ ነው። በእርግዝና ላይ ከማንኛውም የግፊት መድኃኒት በላይ ለረጅም ዓመታት የተሞከረና ለፅንሱ ደኅንነቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ለእናቲቱ ምቹ ነው ማለት አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ አፍ ያደርቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያስተኛል። የሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ለሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ጠመኔውን እንደያዝኩ ሰሌዳው ላይ ግንባሬን ልደፋ የደረስኩበት ቀን አለ። እንቅልፉ በሁለተኛው ሳምንት እየቀለለኝ ሄደ። የቀለለልኝን ያህል ግን ግፊቱ አልወርድ አለ።

የሁለቱ ካርዶች ነገር መጀመሪያ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው። የሰኞው ክፍል መጠኑን ከ250 ወደ 500 ሚሊ ግራም ከፍ አደረገው፤ እሱም ጠብ አላለም። የሐሙሱ ክፍል በበኩሉ፣ ለማንኛዋም እርጉዝ እንደሚሰጠው፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳልረሳ ብዬ እነዚህን ከጠዋቱ አልዶሜት ጋር በአንድ ላይ፣ ከቁርስ ጋር እውጣቸው ነበር። ብረት ግን ሜቲልዶፓን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባውንም በእጅጉ ይቀንሰዋል። የሰኞው ነርስ ብረት እንደምወስድ አያውቅም፣ ምክንያቱም በእሱ ካርድ ላይ የለም፤ የሐሙሷ አዋላጅ አልዶሜት እንደምወስድ ታውቃለች፣ በስንት ሰዓት እንደምውጠው ግን አልጠየቀችኝም። ያወቀችው፣ ሁለቱንም ማዘዣ በአንድ ቀን ይዤላት የሄድኩ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ናት። «ብረቱን ከእራት በኋላ፣ ዘግየት አድርገሽ ውሰጂው» ያለችኝ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መጠን ከመጨመሩ ይልቅ ጠቀመኝ። በኋላ ካልሲየም ሲታዘዝልኝም እሱም ከብረት ጋር እንደማይስማማ ስለሰማሁ፣ የሰዓት ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ «የክፍለ ጊዜ ድልድል» ይለው ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። የግራው ገጽ ለሰኞ ካርድ፣ የቀኙ ለሐሙስ ካርድ ሆነ፤ እያንዳንዱ መድኃኒት፣ መጠኑ፣ የተጀመረበት ቀን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ሁሉ ተጻፈበት። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ያዘዘችውን የኩላሊትና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ውጤትም እዚያው ገልብጬ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ «ሕመም የለብኝ፣ ለምን ኩላሊቴ ይታያል?» ብዬ ማጉረምረሜን አልደብቅም።

በ12ኛው ሳምንት አስፕሪን ታዘዘልኝ፤ ለሕፃናት ይሰጥ የነበረው ባለ 81 ሚሊ ግራሙ ማለት ነው። ቀድሞ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ፕሪኤክላምፕሲያ ለተባለው የእርግዝና ግፊት የበለጠ ስለምትጋለጥ፣ ይህ ትንሽ አስፕሪን ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከተጀመረ አደጋውን እንደሚቀንስ ታውቋል፤ ከዚያ በኋላ ዘግይቶ ቢጀመር ጥቅሙ ያንሳል። ችግሩ መድኃኒቱን ማግኘት ላይ አልነበረም፤ ሻጩን ማሳመን ላይ ነበር። ባለቤቴ የገባበት የመጀመሪያው ፋርማሲ «እርጉዝ ሴት አስፕሪን አትወስድም» ብሎ መለሰው፣ ሁለተኛው «ሐኪሟ ተሳስታ ይሆናል፣ ጠይቋት» አለው። ጥንቃቄያቸው ከንቱ አልነበረም፤ በትልቁ መጠን፣ ለራስ ምታት እንደሚወሰደው ቢሆን እውነታቸውን ነው። ማዘዣው ላይ ምክንያቱ ባለመጻፉ ግን ሦስት ሰዎች ተከራከሩ፣ ክርክሩንም እኔ አልጋ ላይ ሆኜ በስልክ ዳኘሁት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበትን፣ ከተማው የሚያልቅ መስሎ እንደገና የሚቀጥልበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው የእኛንም ሰፈር ያውቀዋል። ቤታችን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ክትትል ቀን ከሆነ ደረጃውን ወርጄ፣ ሚኒባስ ተጋፍቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ፣ ደርሼ ካርድ ክፍል ተሰልፌ፣ ስሜ ሲጠራ እየተጣደፍኩ ገብቼ ወንበሩ ላይ ሳልደላደል ክንዴ ይጠቀለላል። በዚህ ሁኔታ የሚለካው የእኔ ግፊት ነው ወይስ የሚኒባሱ? ግፊት ሲለካ ሰው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ ጀርባውን መደገፍ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ክንዱን በልብ ትክክል ማድረግ፣ ፊኛውን ማቅለልና አለመነጋገር አለበት፤ በቅርቡም ቡና መጠጣት የለበትም። በአንድ ነርስ ላይ ስልሳ ሴት በተሰለፈበት ክፍል ይህን ሁሉ መጠየቅ ቅንጦት ነው። ስለዚህ ከደመወዛችን ቆርጠን በክንድ ላይ የሚታሰር የቤት መለኪያ ገዛን፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ርካሽ ቢሆንም እንደማይታመን ተነግሮን ነበር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ድረስ ወስጄ ከእነሱ መለኪያ ጋር አስተያየሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለክቼ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፣ የሒሳብ መምህር ነኝና በካሬ ወረቀት ላይ ግራፍም ሠራሁለት።

ግራፉ ያልጠበቅኩትን አሳየኝ። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር መስመሩ ወደ ታች ወረደ፤ 124 በ78፣ 118 በ74። በእርግዝና የመጀመሪያ አጋማሽ የደም ሥሮች ስለሚላሉ ግፊት በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ይህ በጤነኛዋም ሴት ላይ የሚሆን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አማቴ ከገጠር ይዘውልኝ የመጡትን የሽፈራው ቅጠል እያፈላሁ እጠጣ ነበር፤ ጠዋት ጠዋትም አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ። «አየሽ ልጄ፣ ለቀቀሽ!» አሉኝ። እኔም የለቀቀኝ መሰለኝ። አልዶሜቱን ለሁለት ቀን ዘለልኩ። ከዚያ ደብተሩን ይዤ ስሄድ ሐኪሟ መስመሩን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተከትላ፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ተመልሶ እንደሚወጣ፣ የሚወጣበትን ፍጥነት ማየት የምንችለውም ይህ ዝቅታ ተመዝግቦ ስላለ እንደሆነ አስረዳችኝ። መጠኑን ቀነሰችው እንጂ አላቆመችውም። ለአማቴ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ሽፈራውንም ስለወደድኩት ሳይሆን አሰባሰባቸው አሳዝኖኝ፣ በሳምንት አንዴ፣ ሐኪሟ እያወቀች ቀጠልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ። አንዲት አስም ያለባት ሴት የሚነፋውን መድኃኒት «ለልጁ ይጎዳል» ብላ ትታው ስታፏጭ ትመጣለች፤ ለፅንሱ የሚከፋው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን የእናቲቱ አየር ማጠር ነበር። ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጦቹን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ እንደምታስቀምጥ አጫውታኛለች። የሚጥል በሽታ ያለባት ሦስተኛዋ ሴት ደግሞ ቫልፕሮት የሚባለውን መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ ለፅንሱ ጭንቅላትና ኅብለ ሰረሰር ከሌሎቹ የከፋ መሆኑን ያወቀችው በአራተኛ ወሯ ነው፤ ኅብለ ሰረሰር ግን የሚዘጋው ፅንስ ከተቋጠረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። እሷም እንደኔ ለብዙ ዓመት ክትትል ላይ ነበረች። በአግዳሚው ላይ ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ ሌሊት የቀሰቀሰኝ የእሷ ነው።

ዐቢይ ጾም የካቲት 21 ሲገባ ስድስተኛ ወሬን ጀምሬ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብል የቀትሩ ክኒን በባዶ ሆድ ይወድቃል፣ ውሃም አልጠጣም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ ሳልጨርስ አቋርጠው «መድኃኒትሽን በሰዓቱ፣ ምግብሽንም በሰዓቱ፤ አንቺ ለብቻሽ አይደለሽም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም። ጎረቤቶቼ ግን እስከ ፋሲካ ተነጋገሩበት።

በእነዚያው ቀናት ሐኪሟ ግፊቴን ከ140 በ90 በታች ለማድረግ የምትጥረው ለምን እንደሆነ ነገረችኝ። ቀድሞ ብዙ ባለሙያዎች፣ ግፊቱ በጣም ካልከፋ በስተቀር በመድኃኒት ማውረዱ ወደ ፅንሱ የሚሄደውን ደም ያሳንሳል ብለው ይፈሩ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2022 ሚያዝያ ወር፣ ልክ እኔ በሰባተኛ ወሬ ሳለሁ፣ በአሜሪካ ከ2,400 በላይ እርጉዞች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ግፊታቸው ከ140 በ90 በታች እንዲሆን የታከሙት ሴቶች፣ እስኪከፋ ድረስ ሳይታከሙ ከቆዩት ይልቅ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያና ያለጊዜ መውለድን የመሰሉ አደጋዎች ያነሱባቸው ሲሆን (ከ100 ሴቶች 30 ያህል በ37 ፈንታ)፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት የመውለድ ዕድላቸው አልጨመረም። ቁጥር ስለምወድ ይህን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱን ክኒን የምውጠው ልጄን እየጎዳሁ እየመሰለኝ ነበር።

የሚያዝያ 30 እሁድ ጠዋት ራስ ምታት ይዞኝ ነቃሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ቃር ስላስቸገረኝ ቡና አልጠጣሁም ነበር፤ ስለዚህ ከባለቤቴ ጀምሮ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ማንም ምክንያቱን ለመፈለግ አልደከመም። በእኛ ሰፈር ራስ ምታት ማለት ያልተጠጣ ቡና ማለት ነው። ታችኛው ፎቅ ያሉት እትዬ «ነይ፣ አቦሉ ደርሷል» ብለው ጠሩኝ፤ ወረድኩ፣ አንድ ስኒ ጠጣሁ፤ አልለቀቀኝም። ቶና ሲቀርብ ሕመሙ ከግንባሬ ወደ ዓይኖቼ ጀርባ ገብቶ፣ የረከቦቱ ስኒዎች ጠርዝ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር ማየት ጀመርኩ። እትዬ እግሬን አይተው «እብጠቱ የወንድ ልጅ ነው» አሉ፤ ሳቅን። እየሳቅኩ ግን አዋላጇ በየሐሙሱ የምትደጋግመው ነገር ትዝ አለኝ፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት። ፎቁን ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ አምስት ደቂቃ አረፍኩ፣ ለካሁ፤ 158 በ104። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገምኩ፤ 160 በ104። ያን ቀን ሊለካ የሚችል መሣሪያ ቤት ባይኖር ኖሮ በረካውንም ጠጥቼ ተኝቼ ነበር።

ከብሎካችን እስከ አስፋልት በባጃጅ፣ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ወደ ሆስፒታል ሄድን። የድንገተኛው ክፍል ሐኪም ወጣት ነበር፤ ግፊቴ 164 በ108 ደርሶ አገኘውና ግፊት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን ከሰጠኝ በኋላ በተከታታይ ጠየቀኝ፦ ከእርግዝና በፊት ግፊት ነበረብሽ? ስንት ነበር? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን ታይቷል? ኩላሊትሽስ? በእጄ የነበረው የቅድመ ወሊድ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ «የታወቀ ደም ግፊት» ከሚል ሦስት ቃል በቀር ምንም የለም። ባለቤቴ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣው። ሐኪሙ ቆሞ ገለጠው፣ ቁጭ ብሎ ቀጠለ። የሚፈልገው መልስ ለሕክምናው ወሳኝ ነበር፤ የድሮው ግፊቴ ራሱ ከፍ ያለ ብቻ ከሆነ መድኃኒት ተስተካክሎ እርግዝናው ይቀጥላል፣ በላዩ ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ ከተደረበ ግን በ34ኛው ሳምንት ደጃፍ ላይ ስለመውለድ ማሰብ ይመጣል። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ከመጀመሪያው ጋር በማነጻጸር ነው። ያጉረመረምኩበት የኅዳር ወር የኩላሊትና የሽንት ውጤት እዚያ ገጽ ላይ ነበር፤ የዚያን ዕለቱም ከእሱ አልተለየም፣ የጉበትና የደም አርጊ ሕዋስ ምርመራውም ደህና ሆነ። ለሕፃኑ ሳንባ የሚሆን መርፌ ለጥንቃቄ ተወጋሁ፣ ሁለት ሌሊት አደርኩ፣ በአልዶሜቱ ላይ ኒፌዲፒን ተጨምሮልኝ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስለ መውለዱ ብዙ የምለው የለኝም። 37 ሳምንት ካለፈኝ በኋላ፣ ግንቦት 27፣ ግፊቱ በራሱ እስኪፈነዳ ከመጠበቅ ይልቅ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመር ተወሰነ፤ አሥራ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ፤ 2.7 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ወለድኩ። የእትዬ ትንቢት በዚሁ ከሸፈ።

ከወለድኩ በኋላ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ደም ግፊት ከወሊድ በኋላ ከፍ የሚለው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያ ደግሞ ልክ አራስ ቤት ገንፎው በቅቤና በበርበሬ የሚገነፋበት፣ ዘመድ የሚጎርፍበት፣ እናት የምትነቃበት እንጂ የምትተኛበት ሰዓት የሌለበት ሳምንት ነው። በአራተኛው ቀን 162 በ104 ሆነ። እሄዳለሁ ስል እናቴ በሩ ላይ ቆሙ። አራስ አሥር ቀን ሳይሞላት ፀሐይ አይነካትም፣ ምች ይመታታል። ተከራከርን ማለት አልችልም፤ መለኪያውን አሳየኋቸው፣ የአባቴን ቁጥርም ያስታውሱ ነበር። ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገብተው አንዲት ትንሽ ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡና በነጠላዬ ሥር አስያዙኝ፣ ክፉ ነገር ብረት አይደፍርምና። ግፊቴ ሲለካ ቢላዋዋ ጭኔ ላይ ነበረች። ነርሷ አየቻት፣ እናቴን አየቻቸው፣ ምንም አላለችም። ያቺን ነርስ ስለ ዝምታዋ እወዳታለሁ።

አልዶሜት ከወሊድ በኋላ ስሜትን ሊያጨልም ስለሚችል፣ አራስ ሴት በቶሎ ወደ ሌላ መድኃኒት እንድትዛወር ይመከራል። የታዘዘልኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢናላፕሪል። በማህፀኗ ሳለች የልጄ ጠላት ነው ተብሎ ከእጄ የተነጠቀው ክኒን፣ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ለምታጠባ እናት ከሚመረጡት አንዱ ነው። እንደገና አስረድተውኝ እስካምን ድረስ አንድ ቀን ሙሉ ሳልውጠው ይዤው ውያለሁ።

በ45ኛው ቀን ልጄን ለክትባት ይዤ ስሄድ፣ ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ አስደረግኩ፤ በየቀኑ ከሚወሰደው ክኒን ብዙዎቹ ዓይነቶች ግፊት ላለባት ሴት ስለማይስማሙ ነው። ከዚያ ሃምሳ እርምጃዋን ተሻግሬ ወደ ሰኞው ክፍል ገባሁ፤ ሰኞ ስላልሆነ ቀኔ አልነበረም። ለክፍሉ ነርስ ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየሁትና፣ ሁለተኛ ልጅ እንደምንፈልግ፣ ሁለት ዓመት ያህልም እንደምንቆይ ነገርኩት። አሮጌውን ካርዴን አወጣ፤ ሽፋኑ ላይ፣ ከስሜ በላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከማርገዟ በፊት መድኃኒት ይቀየራል።» ከዚያም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ከእኔ ቀጥላ የገባችውን ወጣት ሴት፣ ገና ካርዷን ሳትሰጠው፣ «እህቴ፣ መውለድ ታስቢያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።